የደጀን ጣሪያ ስንት ጋት ይበቃዋል?

ጥር ወር ላይ፣ ምሥራቅ ጎጃም ደጀን ከተማ ውስጥ፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ያደረ ሰው ጎህ ሲቀድ ወደ ጣሪያው ቀና ቢል ወደ ውስጥ የወጡት የምስማር ጫፎች እያንዳንዳቸው ጠብታ አንጠልጥለው ያያል። ዝናብ አልጣለም፤ ሰማዩም ሌሊቱን ሙሉ ጥርት ብሎ አድሯል። ጠብታው የመጣው ከቤተሰቡ ትንፋሽ ነው። ከአልጋና ከመደብ ወደ ላይ የወጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ብርድ ያገኘውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ፀሐይ ስትወጣም ጠብ ጠብ እያለ በብርድ ልብሱና በእህሉ ጆንያ ላይ ይወርዳል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ስለሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘቡን ለበር፣ ለቀለም፣ ጥሪት ካለውም ለኮርኒስ ያወጣል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ስላለው ባዶ ቦታ ግን የሚያስብ የለም። የእኔ አስተያየት እዚያ ባዶ ቦታ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ጋት ትንሽ የሚያልፍ ሙቀት ያዥ ነገር ማንጠፍ ለቤቱ ከሚደረጉት ወጪዎች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር ግን ለደጀንና ለደብረ ማርቆስ ቤት ብክነት ነው የሚል ነው።

የድሮው ጣሪያ እንዲህ አልነበረም። በወጉ የተከደነ የሣር ቤት ክዳኑ አንድ ስንዝር ያህል ውፍረት ነበረው። ደረቅ ሣር በመካከሉ ብዙ አየር አምቆ ስለሚይዝ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፤ አንድ ስንዝር የሣር ክዳን ሙቀት በመያዝ ዛሬ በውጭ አገር ኮርኒስ ላይ ከሚነጠፍ 9 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ፋይበር ግላስ ጋር ይመጣጠናል። ቆርቆሮ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብረት ደግሞ ሙቀትን ቶሎ አሳልፎ ይሰጣል፤ ደመና በሌለበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር የባሰ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ቀን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ መጋቢትና ሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው እጅ አያስነካም፣ ከሥሩ የተቀመጠ ሰውም ራሱን ያመዋል። ይህን የማነሣው ወደ ሣር ክዳን እንመለስ ለማለት አይደለም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ቆርቆሮ ከቤተ መንግሥትና ከአብያተ ክርስቲያናት ወደ ከተማ ቤቶች፣ ከዚያም ወደ ገጠር የተስፋፋው በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። ለክዳን የሚሆነው ሣር የሚበቅልበት መሬት ታርሷል፤ ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ነበረበት፤ አንዱ ቤት ሲቃጠል ጎረቤቱን ይዞ ይሄድ ነበር። ቆርቆሮ በአሸንዳ ውሃ ያጠራቅማል፣ ዝናብ አያስገባም፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሰው ሣሩን ሲያወርድ ግን ክዳንና ልብስ የሆነ አንድ ነገር ነው ያወረደው፤ በምትኩ የሰቀለው ክዳኑን ብቻ ነው። ልብሱን ሳንመልስለት ቆይተናል።

ስንት ይመለስለት የሚለውን ለመወሰን አንድ ተራ ቤት ወስደን እናስላ። ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ይሁን። ኮርኒስ ከሌለው፣ የቤቱ ውስጥ ከውጭው በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር በጣሪያው በኩል ብቻ ወደ 280 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይወጣል። የተኛ ሰው ገላ የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ 75 ዋት ያህል ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ተኝቶ የሚሰጠው ሙቀት ተደምሮ 375 ዋት ይሆናል ማለት ነው። ግድግዳውንና የበሩን ሽንቁር ትተን ጣሪያውን ብቻ ብንቆጥር እንኳ የአምስት ሰው ገላ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ቤቱን ከውጭው በአንድ ዲግሪ ተኩል አያበልጠውም። ውጭ 8 ዲግሪ ከሆነ ውስጡ ከ9 ብዙም አይርቅም። ቀጭን ኮርኒስ ሲሠራ 280 የነበረው ወደ 100 ይወርዳል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በኮርኒሱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ገለባ ሲነጠፍ ወደ 28 ይወርዳል። 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 17፣ 15 ሲሆን 12፣ 20 ሲሆን 9 ይሆናል። የመጀመሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ከ70 ዋት በላይ አዳነ፤ ሁለተኛው 11፤ ሦስተኛው 5፤ አራተኛው 3 ብቻ። የገለባው ዋጋ፣ የሠራተኛው ድካምና ኮርኒሱ የሚሸከመው ክብደት ግን በእያንዳንዱ ድርብ እኩል ይጨምራል።

በዚያው ቤት የጭቃው ግድግዳ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት ወደ 140 ዋት ያሳልፋል። ጣሪያው 280 ሲያፈስ የነበረ ጊዜ ግድግዳው ሁለተኛ ነበር፤ ጣሪያው ወደ 17 ሲወርድ ግን የብርዱ መግቢያ ግድግዳውና በሩ ሆነዋል። ከዚህ በኋላ ኮርኒስ ላይ ሌላ ጋት የሚጨምር ሰው እንስራው በጎኑ ተሰንጥቆ እያለ አፉን አጥብቆ እንደሚከድን ሰው ነው። ያንን ገንዘብ የተሰነጠቀውን ግድግዳ እንደገና ለመመረግ፣ የመስኮቱን ዙሪያ ለመድፈን፣ በበሩ ሥር ጣት የሚያስገባውን ክፍተት ለመዝጋት ቢያውለው ብዙ እጥፍ ያተርፋል። ታዲያ 5 ሳንቲ ሜትሩ ይህን ያህል ከሠራ ለምን እዚያው አናቆምም? ገለባ ሲነጠፍ ያለው ውፍረትና ከሁለት ክረምት በኋላ ያለው ውፍረት አንድ ስለማይሆን ነው። ይተኛል፣ ይረገጣል፣ ማዕዘን ላይ ይሳሳል። ዛሬ 10 ያነጠፈ ሰው ከዓመታት በኋላ 6 ወይም 7 ያገኛል፤ ዛሬ 5 ያነጠፈ ግን አንዳንድ ቦታ ባዶ ኮርኒስ ይቀርለታል።

የውጭ አገር መመሪያ የሚያነብ ሰው በዚህ ቁጥር ይደነግጥ ይሆናል። የእንግሊዝ ቤቶች ጣሪያ 27 ሳንቲ ሜትር እንዲነጠፍለት ይመከራል፤ የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ለቀዝቃዛ ክልሎቹ የሚመክረው ወደ 40 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በእነዚያ አገሮች ግን ቤቱ ለወራት ሌት ተቀን በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ ውጭው በጣም ቀዝቃዛ፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች፣ ውስጡ ግን 20 ዲግሪ ነው። አንዲት ተጨማሪ ሳንቲ ሜትር በየወሩ ከሚመጣው የማሞቂያ ሒሳብ ላይ ትንሽ ትቀንሳለች፤ ሠላሳ ዓመት ሲደመር ዋጋዋን ትመልሳለች። ደጀን ውስጥ ለማሞቂያ የሚከፍል ቤት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እነሱ ‘ገንዘቡ በስንት ዓመት ይመለሳል’ ብለው የሚያሰሉትን ስሌት ለእኛ ማምጣት አይሠራም። ያንኑ ስሌት ይዞ ‘ማሞቂያ ስለሌለን ንጣፍም አያስፈልገንም’ ማለት ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው። ማሞቂያ የሌለው ቤት ያለው ሙቀት የሰው ገላ፣ የምድጃው ትራፊና ቀን ግድግዳው የጠጣው ፀሐይ ብቻ ነው፤ ትንሽ ያለው ሰው ትንሹን አጥብቆ መያዝ አለበት።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ኒውዚላንድ ነው፤ እዚያ ብዙ ሰው ቤቱን እምብዛም ሳያሞቅ ይከርማል። ተመራማሪዎች በ1,350 ቤተሰቦች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ጥናት ለከፊሎቹ ቤቶች ጣሪያቸውንና ወለላቸውን አስነጥፈው ከሌሎቹ ጋር አወዳደሩ። የመኝታ ክፍሎቹ ሙቀት የጨመረው በአማካይ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ነበር፤ እርጥበቱም ቀነሰ። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ የደረት ሲር ሲር ማለትን ቀነሰ፤ ልጆች ከትምህርት፣ አዋቂዎችም ከሥራ የሚቀሩባቸውን ቀናት አሳነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ ብርድ ባለባቸው አገሮች የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ባይወርድ ጥሩ እንደሆነ ገልጾ፣ አዳዲስ ቤቶች ንጣፍ ኖሯቸው እንዲሠሩ፣ ነባሮቹም እንዲነጠፍላቸው መክሯል። ‘እኛ ጋቢና ቡሉኮ አለን፣ አባቶቻችንም እንዲሁ ኖረዋል’ ለሚል ሰው መልሴ ሁለት ነው። አባቶቻችን የኖሩት ሣር ክዳን ሥር ነው። ጋቢው ደግሞ የሚተነፈሰውን አየር አያሞቅም፤ ሌሊት ብርድ ልብሷን ገፍታ የምትተኛ የሁለት ዓመት ሕፃንም አትከናነብም።

ሁሉም ጎጃም ደጀን አይደለም። ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ታች ያለው ቆላ ችግሩ የቀን ሐሩር ስለሆነ 5 ሳንቲ ሜትርና በጣሪያው ሁለት ጫፍ የአየር መውጫ ይበቃዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣው በጮቄ ተራራ ትከሻ፣ በስናንና በቢቡኝ ደጋ፣ ውርጭ ማሳውን ነጭ በሚያደርግበት አካባቢ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ቢነጠፍ አልቃወምም፤ ምድጃው ቀኑን ሙሉ ሲነድ የሚውልበት ቤት የሚያድነው እንጨትም አለ።

ምኑ ይነጠፍ ወደሚለው ስንመጣ መጀመሪያ የማነሣው ጀሶን ነው፤ ዛሬ ገንዘብ ያለው ሰው ኮርኒሱን በጀሶ አስጊጦ መብራት ያስገባበታል። የጀሶ ድንጋይ እዚሁ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ሞልቷል፤ ሥራውም ያምራል። ነገር ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የጀሶ ኮርኒስ ራሱ የሚይዘው ሙቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ገለባ አይበልጥም። ከላዩ ባዶ ከሆነ ለዓይን የተሠራ ነው። ሣሎኑን በጀሶ አስውቦ ልጆቹ የሚተኙበትን ክፍል በማዳበሪያ ጆንያ የሸፈነ ቤት ባየሁ ቁጥር ቅደም ተከተሉ ያሳዝነኛል። ፋይበር ግላስ ጥሩ ነው፣ አይቃጠልም፤ ግን ከሩቅ ይመጣል፣ ዋጋውም ለሁሉ አይደፈርም። ነጩ ፎም ቀላል ነው፤ እሳት ሲነካው የሚያወጣው ጭስ ግን መርዛማ ስለሆነ መኝታ ቤት ላይ ክፍቱን ማስቀመጥ አይገባም። ለአብዛኛው ሰው የሚሆነው አውድማው ላይ ያለው ነው። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍና የስንዴ አገር ነው። ‘ጭዱ የከብት ቀለብ ነው’ የሚለው ተቃውሞ ትክክል ስለሆነ ሒሳቡን እንየው። ለ40 ካሬ ሜትር ቤት 10 ሳንቲ ሜትር ለማንጠፍ ወደ 320 ኪሎ ገለባ ይፈልጋል፤ አንድ በሬ በቀን ከ6 እስከ 7 ኪሎ ቢበላ ለሰባት ሳምንት ያህል ይቀልበዋል። ጭድ በሚያልቅበት በክረምት መግቢያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የጤፉን ጭድ ለከብቱ ትቶ ከብት የሚንቀውን የስንዴ አገዳ ወደ ኮርኒስ ማውጣት ይሻላል፤ ወጪውም በየዓመቱ የሚመላለስ አይደለም።

ክብደቱን አናጢው ሳያይ አንድ ሸክም እንኳ መውጣት የለበትም። 320 ኪሎ በ40 ካሬ ሜትር ሲከፋፈል ለአንድ ካሬ ሜትር 8 ኪሎ ነው፤ በደንብ የተመታ የባሕር ዛፍ ወራጅ ይችለዋል። አይጥንና እሳትን ፈርቶ ገለባውን በቀጭን የጭቃ ውሃ ነክሮ፣ አድርቆ ማንጠፍ የሚፈልግ ሰው ልክ ነው፤ ግን ክብደቱ ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚሆን ኮርኒሱ ተጨማሪ እንጨት ይፈልጋል፤ ሙቀት የመያዝ ዐቅሙም ስለሚቀንስ 10 ሳንቲ ሜትሩ የ6 ያህል ብቻ ይሠራል። አይጥ ራሱ ገለባ አይበላም፤ የሚጠራው በውስጡ የቀረው ፍሬ ነውና በደንብ ያልተበራየ ገለባ መውጣት የለበትም። መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት የቆርቆሮ ላብም መዘንጋት የለበትም። ገለባው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ከተሞላ ጠብታው እየወረደ ያረጥበዋል፤ የራሰ ገለባ ሙቀት አይዝም፣ ይሻግታል። በገለባውና በቆርቆሮው መካከል አንድ ስንዝር ክፍት ይተዉ፤ በጣሪያው ሁለት ጫፍም አይጥ በማያሳልፍ የሽቦ ወንፊት የተሸፈነ የአየር መውጫ ይኑር።

ከባዱ ተቃውሞ ጭስ ነው፤ እኔም ቀለል አድርጌ ላልፈው አልችልም። በግድግዳው አናትና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ብርድ ማስገቢያ ብቻ ሳይሆን የምድጃው ጭስ ማምለጫም ነው። ኮርኒስ ሠርቶ፣ ገለባ አንጥፎ፣ የመስኮቱን ዙሪያ ደፍኖ ውስጥ እሳት የሚያነድ ሰው ቤተሰቡን ከብርድ አውጥቶ ወደ ጭስ አስገባ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ከሰል ነው። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በየዓመቱ ብርድ ሲበረታ ከሰል መኝታ ቤት አስገብተው ስላልነቁ ሰዎች እንሰማለን። የሚያፈስ ቤት ውስጥ ያ ከሰል ራስ ምታት ብቻ ሰጥቶ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ በደንብ በተዘጋ ቤት ግን አያልፍም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የማይናወጥ መሆን አለበት፦ ማድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ ወይም ምድጃው ጭስ ማውጫ ይኑረው፤ ኮርኒሱ የሚነጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ማድ ቤት ለመለየት ዐቅም የሌለው ቤተሰብ ገንዘቡን መጀመሪያ ለዚያ ያውለው፤ የእኔን 10 ሳንቲ ሜትር ለከርሞ ያቆየው። ለቡና ከሰል የሚያቀጣጥሉም በሩን ከፍተው ያፍሉ፤ ሲተኙ ከሰሉ ውጭ ይደር። ቤቱ ሙቀት መያዝ ሲጀምር ከሰሉን ወደ መኝታ የሚያስገባው ብርድ ራሱ ይቀንሳልና ሥራው በትክክል ከተሠራ አደጋውን ከሥሩ ያቃልለዋል ብዬ አምናለሁ።

የመብራት ገመዱም እንዲሁ ነው። በብዙ ቤቶች ኮርኒስ ላይ የሚያልፈው ሽቦ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ዓመታት የቆየ መገጣጠሚያ አለው። በባዶ ቦታ ላይ ብልጭ ቢል ይጠፋ ይሆናል፤ በገለባ መካከል ግን ቤት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአውስትራሊያ መንግሥት የቤቶችን ጣሪያ በድጎማ ለማስነጠፍ ትልቅ ፕሮግራም ከፍቶ በጥድፊያ ሲሠራ አራት ወጣት ሠራተኞች ሞቱ፤ ከአራቱ ሦስቱን የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነበር። የቤት ቃጠሎዎችም ተከተሉ፤ ፕሮግራሙ በየካቲት 2010 እንዲቆም ተደረገ። አገሩ ሀብታም፣ ሕጉም ጥብቅ ሆኖ እንዲህ ከሆነ እኛ ኤሌክትሪሺያን ሳይጠራ፣ ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሳይገባ፣ ቆጣሪው ሳይጠፋ ጣሪያ ላይ መውጣት የለብንም። ሽቦውን ማስተካከል ያልቻለ ሰው ገለባ አያንጥፍ፤ በኮርኒሱ ብቻ ቢቆይ ይሻላል።

የከተማው ማዘጋጃ ቤት በሕንፃ አዋጅ መሠረት የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ግድግዳውን፣ ክዳኑንና ከወሰን ያለውን ርቀት ያያል። እዚያው ፕላን ላይ ‘ኮርኒስ፣ ከላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ፣ የአየር መውጫ’ የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር አዲስ ለሚሠራው ቤት ወጪዋ ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር የሚታይ አይሆንም፤ አናጢውም ወራጁን ሲመታ ክብደቱን አስቦ ይመታል። ተከራይ በራሱ ገንዘብ የሰው ጣሪያ አያነጥፍም፤ አከራዩ ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ አያድርም። በዚህ ምክንያት ለኪራይ ተደርድረው በሚሠሩ ክፍሎች ላይ ፈቃድ ሰጪው ቢጠነክር ተገቢ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን እኔ የምመርጠው የመማሪያ ክፍሎችን ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መምህሩ አፉን ከፍቶ ዘግቶ ዝም ይላል፤ ጠመኔውን አንሥቶ ሊናገር የነበረውን ሰሌዳው ላይ መጻፍ ይጀምራል፤ የኋላው ወንበር ላይ ያሉት ግን ጨለም ስላለ አያዩትም። ኮርኒስና ከላዩ የተነጠፈ አንድ ጋት ነገር ያንን ድምፅ በደንብ ይውጠዋል፤ ጠዋት ላይ የሚንቀጠቀጡትንም ልጆች ያሞቃል። ክፍሉ ውስጥ እሳት ስለማይነድ የጭሱ ጉዳይ አይነሣም፤ ወላጆች ገለባውን በሸክም ሊያዋጡ ይችላሉ። የሚቀረው ሽቦውን ማየትና የወራጁን ጥንካሬ መለካት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ገለባው ከአውድማ እንደወጣ፣ በጥርና በየካቲት ይውጣ። በጭብጥ ይዘው ሲያጥፉት ኮሽ ብሎ የሚሰበረው ደርቋል፤ የሚለመጠው ገና ነው። መጋቢት ሲጋመስ አልፎ አልፎ ዝናብ ጠብ ይላል፤ ያኔ የወጣ ገለባ እርጥበቱን ይዞ ይዘጋበትና ቶሎ አይደርቅም።